«አባታችን ሆይ» ላይ ‹ይቅር› ምትለው ጋ ስደርስ ድምጼ ይጠፋል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ሰላም ውድ አንባቢዎች። የዚህ ወር ደብዳቤዎች፣ ያው ደብዳቤ እንላለን እንጂ ሁሉም የቴሌግራም ሚሴጅ ነው፣ አብዛኞቹ አንድ ነገር ነው ሚያወሩት፣ ልቤ ተሰብሯል እየጸለይኩም አልዳንኩም። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ እህት በጣም ረጅም ጽፋልኛለች፣ አሳጥሬዋለሁ፣ መልሱን ግን ማሳጠር አልሆነልኝም፣ ቡና ምናምን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ጥያቄ፦ «እህታችን ሰላም ላንቺ ይሁን። ስሜንም ሰፈሬንም እንዳታወጪው። ቤሩት ሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በ2012 ሐምሌ ወደቡ ሲፈነዳ እዛው ነበርኩ፣ የበረንዳው መስታወት እላያችን ላይ ነው የረገፈው፣ የዶላሩም ችግር ነበር ደሞዝም ቀረ፣ እንደምንም ብዬ ሀገሬ ገባሁ። እዛ እያለሁ ያገኘኋትን በሙሉ ለታላቅ ወንድሜ ነበር ምልከው፣ ኮንዶሚኒየም ልንገዛ ነው ላኪ እያለኝ፣ ስመጣ ቤቱ በሱ ስም ነው፣ ሚስት አግብቶበታል፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሶፋ ሳይቀር በኔ ብር የተገዛ ነው፣ እኔን እንደ እንግዳ ቡና አጠጥተው ሸኙኝ። አሁን አክስቴ ጋ ነኝ። እናቴ ‹ካንድ ማህፀን ነው የወጣችሁት ይቅር በይው፣ እኔን በቁሜ አትቅበሪኝ› ትለኛለች። ንስሐ አባቴም ይቅር በይ ነው ሚሉኝ። ችግሩ መጸለይ አቃተኝ። ቤሩት ማዳም ከተኛች በኋላ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነበር ምጸልየው፣ አቋርጬ አላውቅም። አሁን አባታችን ሆይ እጀምርና ‹እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል› ምትለው ጋ ስደርስ ድምጼ ይጠፋል፣ ውሸት እየተናገርኩ ያለሁ ይመስለኛል። እንቅልፍ የለኝም። በር ድው ሲል ልቤ ሊወጣ ይደርሳል። የአክስቴ ልጅ ጴንጤ ናት፣ የጸሎት ፕሮግራም ወስዳኝ ‹የቁጣ መንፈስ ነው ውጣ› እያሉ ጮሁብኝ፣ እኔ አለቀስኩ እንጂ የወጣ ነገር የለም። ጎረቤታችን ደሞ ጸበል ግቢ ትለኛለች። እግዚአብሔር ተቀይሞኝ ይሆን?»

መልስ፦ እህቴ፣ አልተቀየመሽም። ይሄን መጀመሪያ ልበልሽ ምክንያቱም ሌላውን ሁሉ ስታነቢ እሱን ይዘሽ እንድታነቢ ነው ምፈልገው።

እኔ እንደገባኝ አንቺ መጸለይ አላቃተሽም። አንቺ ያቃተሽ እግዚአብሔር ፊት ቆመሽ መዋሸት ነው፣ ያ ደሞ ጥሩ ነገር ነው። ስንቶቻችን ነን ያቺን መስመር ሳናስባት በአንድ ትንፋሽ ምናልፋት፣ አንቺ ግን እዛች ጋ ስትደርሺ ያልሽው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ስለገባሽ ነው ድምጽሽ የሚጠፋው። እና እኔ ምልሽ፣ እዛች ጋ ስትደርሺ ዝለያት ወይም ጨክነሽ በያት አይደለም፣ ቁሚ። እዛው ቆመሽ «ጌታዬ ይቺን ማለት አልቻልኩም፣ ወንድሜን ሳስብ ሆዴ ይቃጠላል፣ ቤቴን ወስዶብኛል፣ ታውቃለህ» በይው። አልቅሺ ካስፈለገ። ያቺ ራሷ ጸሎት ናት። ንግግር ማሳመር አይጠበቅብሽም፣ ደሞ ማንንም አታስቀይሚም።

ይሄን ከራሴ አምጥቼ አይደለም። ቤት ውስጥ ዳዊት አለ አይደል? የኛ አባቶች ዳዊትን ለሳምንቱ ቀናት ነው ያከፋፈሉት፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ እንደዛ እያለ እስከ ቅዳሜ ይሄዳል። የሰኞው ውስጥ 12ኛው አለ (በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ አንዳንዱ ላይ 13 ነው ሚለው)፣ ሲጀምርም እስከ መቼ ነው ምትረሳኝ ብሎ ነው። የሐሙሱ ውስጥ ደሞ 87ኛው አለ፣ እሱን ቀስ ብለሽ አንብቢው። አብዛኞቹ ሌሎች የሐዘን መዝሙሮች መጨረሻ ላይ ትንሽ ብርሃን ይገባባቸዋል፣ አመሰግንሃለሁ ምናምን ይላሉ፣ 87 ግን እንደዛ አይልም፣ ወዳጆቼንም ዘመዶቼንም ከኔ አራቅህ ብሎ እዛው ላይ ያልቃል። በቃ። ማንም አልቀጠለበትም፣ ማንም «ኧረ ይሄ እምነት የሌለው ሰው ንግግር ነው» ብሎ ከመጽሐፉ አላወጣውም። ካህኑም ዲያቆኑም እናቶቻችንም በየሳምንቱ ሐሙስ ሲደግሙት ነው የኖሩት። ስለዚህ አንቺ ዘመዴ ራቀኝ ብለሽ ስታለቅሺ ብቻሽን አይደለሽም።

ስለዛ የጸሎት ፕሮግራም ላውራ። ያንቺ የአክስት ልጅ ክፋት የላትም፣ ወዳሽ ነው፣ አትቀየሚያት። ግን እያለቀሰች ያለችን ሴት አይቶ ወዲያው መንፈስ ነው ማለት አዲስ ነገር አይደለም። የሳሙኤልን እናት ሐናን አስቢያት። ልጅ የላት፣ ጣውንቷ በየዓመቱ እያበሸቀቻት፣ ቤተ መቅደስ ገብታ በልቧ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ነው ሚንቀሳቀሰው፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ቁጭ። እስከ መቼ ትሰክሪያለሽ አላት እኮ! እሷም አልሰከርኩም ጌታዬ፣ ልቤ ያዘነብኝ ሴት ነኝ፣ ነፍሴን ነው ማፈሰው አለችው። ዔሊ ጥሩ ሰው ስለነበር ወዲያው ተመልሶ መረቃት። አንቺን ግን የሚያስፈልግሽ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ሐና ከዛ ወጥታ ምግብ በላች፣ ፊቷም እንደቀድሞው አላዘነም ይላል። ሳሙኤል ገና አልተጸነሰም! ጣውንቷም እዛው ቤት አለች። ምንም ነገር ሳይለወጥ፣ ያላትን ሁሉ ለሚሰማት ስላፈሰሰች ብቻ ፊቷ ተፈታ። አንቺም ቤቱ ሳይመለስ፣ ወንድምሽ ሳይለወጥ ትንሽ ልትተነፍሺ ትችያለሽ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ይቅርታው።

የዮሴፍን ታሪክ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሻል፣ ግን እንዳንቺ ሰው ቤት ለሠራች ሴት የተጻፈ መሆኑን አስበሽ ታውቂያለሽ? የገዛ ወንድሞቹ ሸጡት፣ ባዕድ ሀገር ሰው ቤት አገልጋይ ሆነ፣ የቤቱ እመቤት በሐሰት ከሰሰችው፣ የሱን ቃል ማንም ሳይሰማ እስር ቤት ገባ። እዛ ሕልሙን የፈታለት ሰውዬ እንኳን ከእስር ሲወጣ ረሳው። ይሄ ያንቺና የብዙ እህቶቻችን ታሪክ ነው። ሰባኪዎቻችን ግን ከዛ ዘለው ዘፍጥረት ምዕራፍ 45 ላይ ይገባሉ፣ ዮሴፍ አቀፋቸው፣ አለቀሰ፣ ይቅር አለ፣ አንቺም እንደ ዮሴፍ ይቅር በይ። በመሀል ያለውን ማን ያንብበው!

በመሀል ያለውን እኔ ልንገርሽ። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ሲመጡ እሱ አወቃቸው እነሱ አላወቁትም፣ እናም ወዲያው አልተጠመጠመባቸውም፣ ክፉ ቃል ነው የተናገራቸው። ሰላዮች ናችሁ አላቸው። ስምዖንን አሰረው። እነሱ እርስ በርሳቸው ያንን ወንድማችንን ስለበደልን ነው ሲባባሉ ሰምቶ ዞር ብሎ አለቀሰ፣ እነሱ ግን እንባውን አላዩም። ሁለተኛ ሲመጡ ደሞ ብንያምን አይቶ ሆዱ ባባ፣ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ፣ ከዛ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ፊቱን ታጥቦ የሚለውን አንብቤ ባለፍኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። ጽዋውንም ብንያም ስልቻ ውስጥ ያስደበቀው ያኔ ነው። ያ ሁሉ ምን ነበር? መበቀል ከሆነ በአንድ ትዕዛዝ ማስገደል ይችል ነበር። እየፈተናቸው ነበር፣ ተለውጠዋል ወይስ ያው ናቸው ብሎ። እንሽጠው ብሎ ሐሳቡን ያመጣው ይሁዳ «በልጁ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ብሎ ሲቆም ነው ዮሴፍ መቻል ያቃተውና እኔ ዮሴፍ ነኝ ያለው።

እና ምን ልልሽ ነው፣ ይቅርታ ጊዜ ይወስዳል፣ ይቅርታና መታረቅ ደሞ አንድ አይደሉም። ይቅር ማለት ማለት ወንድምሽን ለእግዚአብሔር ፍርድ ትተሽ የሱን ጥፋት ሌት ተቀን ከመሸከም ማረፍ ነው፣ ይሄ ያንቺና የፈጣሪ ጉዳይ ነው፣ ዛሬ ባይሆን ቀስ እያለ ይመጣል፣ አንድ ቀን «ይቅር ማለት እንድፈልግ አድርገኝ» ብለሽ ትጀምሪያለሽ። መታረቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። እሱ በድዬሻለሁ ሳይል፣ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ አንቺ ብቻሽን ልትታረቂ አትችይም። ማንም ቢሆን፣ እናትሽም ቢሆኑ፣ ይሄን ካንቺ መጠየቅ የለበትም ባይ ነኝ።

ቤቱንስ? ይሄን አልጠየቅሽኝም፣ ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱም ስለሆነ ልግባበት። ክርስቲያን መብቱን አይጠይቅም የሚል ትምህርት ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ጳውሎስ ራሱ ፊስጦስ ፊት ቆሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብያለሁ ያለ ሰው ነው። ማቴዎስ 18 ላይ ጌታ ያስቀመጠው መንገድ ደሞ የኛን ሽምግልና ነው ሚመስለው፣ መጀመሪያ ብቻህን ንገረው፣ ካልሰማ አንድ ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ስለዚህ ብር የላክሽበትን የሐዋላ ደረሰኝ፣ የባንክ ወረቀት፣ ላኪ እያለ የጻፈልሽን የዋትሳፕ ሚሴጅ ሁሉ ሰብስቢ፣ ስልክሽ ሳይበላሽ ስክሪንሻት አድርገሽ ለምታምኚያት ሰው ላኪላት። ከዛ ወንድምሽ የሚያከብራቸው ሁለት ሽማግሌ ፈልጊ፣ የንስሐ አባታችሁ ከገቡበት በጣም ጥሩ፣ ይቅር በይ ያሉሽን ያህል እሱንም መልስ ይበሉት። ያ ካልሆነ ጠበቃ አማክሪ። ቂም አይደለም፣ እውነቱ እንዲወጣ ነው።

ስለ እንቅልፉ። ይሄ ነገር ቀላል አይደለም፣ በተለይ በር ድው ሲል ምትደነግጪው። እንደዛ ዓይነት ፍንዳታ ያለፈበት ሰው ሰውነቱ ከወራት ምናልባትም ከዓመታት በኋላ ድምጽ ሲሰማ አደጋው ተመልሶ የመጣ ይመስለዋል፣ ይሄ በሕክምና ይታወቃል፣ ይታከማልም፣ የእምነት ማነስም የቁጣ መንፈስም አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትል ሸሽቶ በረሃ ገብቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ነፍሴን ውሰዳት እስከ ማለት ደርሶ ነበር። መልአኩ መጥቶ ምን አለው? አልገሰጸውም፣ አንተ እኮ የቀርሜሎሱ ሰው ነህ አላለውም። ዳሰሰውና ተነሥተህ ብላ አለው፣ ራስጌው ጋ እንጎቻና በማሰሮ ውሃ ነበር፣ በላና ጠጣ ተመልሶም ተኛ፣ መልአኩ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ቀጭኑ ድምጽ የመጣው ከዛ ሁሉ በኋላ ሆሬብ ላይ ነው። ስለዚህ እህቴ ባዶ ሆድሽን ሌሊት ሙሉ ለመስገድ አትታገይ፣ ማታ ማታ ቡና ተዪ፣ ስልኩን ከራስጌሽ አርቂው (ቲክቶክ ላይ የወንድምሽን ሚስት ፎቶ እያየሽ እንደሆነ እጠረጥራለሁ፣ ብሎክ አድርጊያት)።

ከዛ ሐኪም ጋ ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ እብድ ልባል ነው ብሎ፣ ግን ያንቺን ዓይነት ችግር ይዞ በራሱ እግር መጥቶ ታክሞ ሚሄደው ብዙ ነው፣ ቅዱስ ጳውሎስም ዘውዲቱም የካቲት 12ም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከዓረብ ሀገር የተመለሱ እህቶችን የሚያግዙ ማኅበራትም አሉ፣ አጋር ኢትዮጵያ ሚባለው አንዱ ነው፣ የስነ ልቦና ድጋፍም ይሰጣል። ያንቺን ቋንቋ ከሚናገሩ፣ ማዳም ስትይ ማስረዳት ከማያስፈልግሽ ሴቶች ጋር መቀመጥ ራሱ ግማሽ ሕክምና ነው።

ጸበል መግባት ከፈለግሽ ግቢ፣ እኔ ጸበል አትግቢ ምል ሰው አይደለሁም። ግን ብቻሽን አትሂጂ፣ መድኃኒት ከተሰጠሽ ይዘሽው ሂጂ፣ ማንም አቋርጪው ቢልሽ እንዳትሰሚው፣ የሚማቱና የሚያስሩ ሰዎች ያሉበት ቦታ ካየሽ ደሞ እዛው ዞረሽ ተመለሽ።

እናትሽን በተመለከተ፣ አትጣያቸው። ሁለት ልጆቻቸው መሀል ቆመው እሳቸውም እየተሰበሩ ነው። «እማዬ፣ እየሞከርኩ ነው፣ አንቺም ጸልዪልኝ፣ ግን አታጣድፊኝ» በያቸው። ከዛ በላይ ካንቺ የሚጠበቅ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ «ሰላም፣ ከቨርጂኒያ ነው። ትዳሬን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሴት ነበረች፣ ባለቤቴን ለረጅም ጊዜ ዋሽቻታለሁ። ተፋትተናል፣ ልጆቼን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው ማያቸው። ሌሊት ኡበር እሠራለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቁሜያለሁ፣ ሰው ሁሉ ያውቀናል፣ ቄሱ ራሳቸው ናቸው ያጋቡን። ልባቸው ለተሰበረ እግዚአብሔር ቅርብ ነው ይባላል፣ ግን ሰባሪው ራሱ ከሆነስ? አንዳንዴ ሃይዌይ ላይ ብቻዬን ስሆን መሪውን ማዞር ያምረኛል።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ልጀምር፣ አንተ እንደዋዛ ነው የጻፍካት እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ትቼ እሷን ነው ደጋግሜ ያነበብኳት። አሜሪካ ውስጥ 988 ደውል፣ ወይ ቴክስት አድርግ፣ በማንኛውም ሰዓት ሰው አለ፣ ነጻ ነው፣ ስትደውል አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላለህ። ሐሳቡ ሲመጣብህ መኪናውን ከመንገድ አውጣና አቁም፣ ከዛ ደውል። ዛሬውኑ ደሞ ለአንድ ሰው፣ ለወንድምህ ይሁን ላብሮ አደግህ፣ «እንዲህ እያሰብኩ ነው» ብለህ በዚችው ቃል ንገረው። እስከዛው የሌሊቱን ሺፍት ለጥቂት ጊዜ ብትተወው፣ ገቢው ቢቀንስም፣ ልጆችህ ቅዳሜ የሚጠብቁት ብሩን አይደለም።

አሁን ጥያቄህ። ሰባሪው ራሱ ከሆነስ? መዝሙር 50ን ማን እንደጻፈው ታውቃለህ፣ «እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» ምትለዋን። ራስጌዋ ላይ ተጽፏል፣ ዳዊት ወደ ቤርሳቤህ ከገባ በኋላ ናታን በመጣበት ጊዜ። የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ኦርዮን ጦር ሜዳ ፊት አስቁሞ ያስገደለ ሰው ነው። የተሰበረውን ልብ እግዚአብሔር አይንቅም ያለው እሱ ነው፣ ተበዳዩ አይደለም፣ በዳዩ ነው የተናገረው። እና ያቺ ቃል አንተን አትመለከትም ብለህ ራስህን አታውጣ፣ እንዲያውም ላንተ ዓይነቱ ነው የተጻፈችው።

ግን ዳዊት አንድ ነገር አድርጓል፣ በድያለሁ ብሏል። በሰው ፊት፣ በነቢዩ በናታን ፊት። አንተም ንስሐ ግባ፣ ያጋቧችሁ ቄስ ጋ መሄድ ከከበደህ ሌላ አባት ጋ፣ ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ የኛ ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል፣ ሌሊት ሺፍት ስትጨርስ ንጋት ላይ ኪዳን ሚደርስበት ደብር ፈልግ፣ በዛ ሰዓት ስላንተ ሚያወራ ሰው አይኖርም፣ ሁሉም የራሱን ሸክም ይዞ ነው ሚመጣው። ኋላ ቆመህ መሄድ ትችላለህ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደስ ላይልህ ይችላል። የቀድሞ ባለቤትህን ይቅርታ እንድትሰጥህና እንድትድን አትለምናት። አንዴ ይቅርታ ጠይቃት፣ ምክንያት ሳትደረድር፣ ከዛ ዝም በል። የልጆቹን ወጪ በሰዓቱ ክፈል፣ ቅዳሜ ያልከው ሰዓት ላይ ድረስ። ያንተ ቁስል እንዲሽር የሷ ቁስል ደጋግሞ መነካት የለበትም።

ጥያቄ፦ «ከሐዋሳ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ጓደኛዬ ከሞተች በኋላ በጣም ወደቅኩ፣ ሐኪም ዲፕሬሽን ነው ብሎ መድኃኒት አስጀመረኝ፣ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፣ ምንም ለውጥ የለም። የሴል ግሩፕ (የቸርቻችን የጸሎት ቡድን) መሪያችን መድኃኒት መዋጥ እምነት ማነስ ነው ብላ ‹በእምነት ጣይው› አለችኝ። ልጣለው?»

መልስ፦ አትጣይው። የዚህ ዓይነት መድኃኒት ሥራውን እስኪጀምር ሳምንታት ይፈጃል፣ በሁለት ሳምንት ብዙ ባይታወቅሽ አይገርምም፣ በድንገት ስታቋርጪው ደሞ ራስ ምታት፣ መረበሽ፣ ማዞር ሊያመጣ ይችላል፣ ከዛ አንቺ እየባሰብኝ ነው ትያለሽ እሷ ጠላት ነው ትላለች። ከተሻለሽ በኋላም ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ስድስት ወር ያህል ያስቀጥሉታል፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው። ሐሳብሽ ከከፋ፣ መሞት ምናምን ካማረሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ሂጂ።

እምነቱን በተመለከተ ለመሪሽ በትህትና ጠይቂልኝ፣ ሉቃስ ሐኪም ነበር አይደል? ጳውሎስ የተወደደው ባለ መድኃኒት ሉቃስ ብሎ ነው ሚጠራው። ጢሞቴዎስንም ለሆድህ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል፣ በእምነት ተወው አላለውም። መጽሐፈ ሲራክ በእናንተ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለሌለ አልጠቅስልሽም፣ ለኦርቶዶክስ አንባቢዎቼ ግን ምዕራፍ 38ን እንዲያዩት እጋብዛለሁ፣ ባለመድኃኒትን አክብር፣ ብትታመም ጸልይ፣ ከዛ ለሐኪም ቦታ ስጥ ይላል፣ ሁለቱን አላጣላም። በ1999 ዓ.ም ኤድስ ያለባቸው ምዕመናን ጸበል ላይ ሆነው መድኃኒቱን ይተዉ ነበር፣ ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ወጥተው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ማለታቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ስለ ጓደኛሽ ምንም አልጻፍሽልኝም፣ ሞተች ብቻ ነው ያልሽኝ። ጌታ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሳው እየሄደ፣ እንደሚያስነሳው እያወቀ፣ አልቅሷል። ስለዚህ በሴሉ ላይ «ደስ ይበላችሁ» ሲዘመር አንቺ ካለቀስሽ ፕሮግራሙን አበላሸሁ ብለሽ አትፈሪ። መሪሽ ካልገባት ሌላ አንድ እህት ፈልጊ፣ ጓደኛሽን የምታውቃት ብትሆን ጥሩ ነው፣ ስለሷ እያወራችሁ፣ ምን ትወድ እንደነበር፣ ምን ያስቃት እንደነበር እየተጨዋወታችሁ አብራችሁ ጸልዩ። ቀጣይ ቀጠሮሽ ላይ ደሞ መድኃኒቱን ልጣለው ብለሽ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሪው፣ እንቅልፍሽንና ምግብሽንም እንዴት እንደሆነ ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ፣ እዛ ስትደርሺ ይጠፋብሻል።